ራጅ የተነሳው ወጌሻ

በጅማ መርካቶ ዙሪያ ክንዱ ወልቆ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ወይ ወገቡን ይዞት «ነጂብ ወጌሻው ጋ አድርሱኝ» ያላለ ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ አዲስ ገቢ ነው ወይ በሕይወቱ ወድቆ አያውቅም። ጉራ መሰለባችሁ? ጉራ ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ይኸው ጉራዬ እንዴት አድርጎ መሬት ላይ እንደዘረጋኝ ነው። ብትስቁብኝ አይከፋኝም፤ ሚስቴ ቀድማችሁ ስቃ ጨርሳለች።

ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ያን ጊዜ አምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አርባውን የሰው አጥንት ስዳብስ ኖሬያለሁ። ውልቃት እመልሳለሁ፣ ስብራት በቀርከሃ አስራለሁ፣ ወለምታ በቅቤ አሻለሁ። እጄ ያያል እል ነበር። ራጅ ተነስቶ የመጣ ሰው ካጋጠመኝ ፎቶውን ሳልገልጥ አስቀምጥና «ይህን ለመስኮትህ መጋረጃ አድርገው» እለዋለሁ።

አጋሮ ላይ አባ ቢያ የሚባሉ አዛውንት ወጌሻ አሉ። እሳቸው ደግሞ ሰው ገና ከበር ሲገባ «መጀመሪያ ራጅ ተነስተህ ና» ይላሉ። ለእኔ ይህ የሙያው ውርደት ነበር። ስለዚህ ስም አወጣሁላቸው፤ «የራጅ ደላላ»። ስሙ ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላህ ይወቅ፤ ጆሯቸው መድረሱን ግን አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ያን ጊዜ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። አስም አለብኝ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ ክረምት ትንፋሼ ሊቆም ደርሶ ሐኪም ቤት ገባሁና ፕሬድኒሶሎን የምትባል ትንሽ ኪኒን ተሰጠችኝ። «አምስት ቀን ብቻ» ተብሎ ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ ደረቴ ተከፈተ፣ የምግብ ፍላጎቴ መጣ፣ ጉልበቴ የጎረምሳ ሆነ። እንዲህ ያለች ኪኒን በአምስት ቀን የምትሰናበት ናት? ባዶውን ማሸጊያ እያሳየሁ፣ አንዱ መድኃኒት ቤት ፊት ሲነሳኝ ወደ ሌላው እየሄድኩ ሰባት ዓመት ዋጥኳት። ለማንም አልተናገርኩም። ቅቤና ወተት እያለ የሚመክር ወጌሻ ኪስ ውስጥ ኪኒን ተገኘ ቢባል ማን ይመጣልኛል? ሚስቴ ዘይነባ እንኳ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት እንጂ ከዚያ ወዲህ ያለውን አታውቅም ነበር።

ኪኒኗ ደግሞ ታሳምራለች። ፊቴ ሞላ፣ ጉንጬ ክብ ሆነ፣ ሆዴ ቀደመኝ። በእኛ አገር ወፍረሃል ማለት ምርቃት ነው። «ማሻ አላህ፣ ተመችቶሃል» ይሉኛል። ዘይነባን «ምን ብታበይው ነው?» ይሏታል። እሷም «ወተት ነው፤ ወተቱን አላቋርጥበትም» ብላ በኩራት ትመልሳለች። እጅና እግሬ መቅጠናቸውን፣ ትንሽ ስነካ ቆዳዬ መበለዙን ማንም ልብ አላለም። ሱሪዬ መሬት መጥረግ ሲጀምር እኔ ራሴ የተጣላሁት ልብስ ሰፊውን ነው። ለካ ሱሪው አልረዘመም፣ እኔ ነኝ ያጠርኩት።

ነገሩ የሆነው የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጅሬን ላይ ተማም የሚባል ቡና ነጋዴ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ትከሻው ወለቀና ተጠራሁ። ግቢው በዘመድ ሞልቷል። ሰው ሲበዛ እኔ ደስ ይለኛል። ተማምን ምንጣፍ ላይ አስተኛሁት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ተረከዜን ብብቱ ስር ደግፌ ክንዱን በሁለት እጄ ያዝኩና «ቢስሚላህ» ብዬ ሳብኩ።

ቋ አለ።

«ገባ፣ ማሻ አላህ» አለ ግቢው ሁሉ። እውነትም ትከሻው ገብቷል። ተማም ተነስቶ ክንዱን እያወዛወዘ ሳቀ። ችግሩ፣ ያ ቋ ያለው የእሱ ትከሻ ሳይሆን የእኔ ወገብ መሆኑ ነው። የእሱ ሲገባ የእኔ ወጣ።

መነሳት አቃተኝ። ከወገቤ ተነስቶ ደረቴን የሚዞር የሚያቃጥል ነገር ያዘኝ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። ሌላ መላ ሲጠፋኝ ሁለት እጄን ዘረጋሁና ዱዓ ጀመርኩ። ለተማም ትከሻ ለመንኩ፤ አሚን አሉ። ወገቤን ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ለቤተሰቡ ለመንኩ፤ አሚን። አሁንም እምቢ። ለጅሬን ሰው፣ ለቡናው፣ ለዝናቡ፣ ለመንገደኛው፣ በመጨረሻም የሚለመንለት ሲጠፋኝ ለባጃጅ ነጂዎች ሳይቀር ለመንኩ። ሕመሙ እንባዬን አወረደው። አንዲት አሮጊት «እንዲህ አላህን የሚፈራ ወጌሻ አይቼ አላውቅም» ስትል ሰማኋት። ኋላ ላይ ሁለት ሰዎች «በቃህ ወንድማችን፣ አላህ ሰምቶሃል» ብለው በብብቴ ይዘው አነሱኝ።

በባጃጅ ቤቴ ደረስኩ። የመርካቶን መንገድ ለምታውቁ ስለ ጉዞው መናገር አያስፈልገኝም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ዘይነባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ስገባ አይታ።

«ወለምታ ናት።»

«ወገብ ላይ?»

«አንቺ ነሽ ወጌሻ እኔ?»

በሆዴ ተኛሁና ጀርባዬ ላይ ወጥታ እንድትረግጠኝ ለመንኳት። ወገቡን ለያዘው ሰው እኔ ራሴ ስንቴ ያዘዝኩት ነገር ነው። ዘይነባ ተጠራጠረች፤ መጀመሪያ መዳፏን ቀስ አድርጋ አሳረፈችብኝ። ያወጣሁት ድምፅ አጥር ተሻግሮ፣ ከወላይታ የመጣችው ጎረቤታችን ማርታ «በኢየሱስ ስም፣ ምን ተፈጠረ?» እያለች ገባች።

«መዳፌን ሳሳርፍብህ እንዲህ ከሆንክ፣ እግሬን ባሳርፍ መርካቶ ይዘጋል» አለች ዘይነባ። ከዚያ ሳቋን አቁማ ትክ ብላ አየችኝ። «ነጂብ፣ ይሄ ወለምታ አይደለም።»

ሰኞንና ማክሰኞን ተኝቼ አሳለፍኩ። ሲያስነጥሰኝ እንኳ ዓይኔ ይጨልማል። በር ላይ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ዘይነባ «ገጠር ሄዷል» ብላ ትመልስልኛለች። እኔም ለሽንት ስነሳ ግድግዳ ይዤ እየሄድኩ አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ፤ እግሬ ቢከዳኝስ? ቀጥ ብሎ ያልቆመ ወጌሻ ማንን ያቆማል? ረቡዕ ጠዋት ዘይነባ ጫማዬን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ወይ ዛሬ ራጅ ትነሳለህ፣ ወይ በር ላይ ተቀምጬ ለሚመጣው ሰው ሁሉ 'ወጌሻው ራሱ ተሰብሯል' እላለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያሉት አንተን ነው።»

ጋቢ ተከናንቤ፣ ዓይኔን ብቻ ትቼ ከዘይነባ ጋር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወረፋ ላይ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየችኝና «ነጂብ አይደለህም? የልጄን ክንድ የገጠምክልን?» አለችኝ።

«ወንድሙ ነኝ» አልኳት።

«ቁርጥ እሱን» አለች።

ራጁን ተነስቼ ወደ ሐኪሟ ገባሁ። ወጣት ናት፤ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዘይነባ ካርድ ልታስመልስ ወጥታ ነበርና ብቻዬን ነኝ።

«ለረጅም ጊዜ የወሰዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ምንም?»

«ቅቤና ወተት።»

ፊቴን አየች፣ ክንዴ ላይ ያለውን ብልዝ አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች። «እርግጠኛ ነዎት?» ስትለኝ ወላሂ የምትለው ቃል አፌ ጫፍ ደርሳ መለስኳት። ውሸታም ብሆንም ምሎ የሚዋሽ ሰው አይደለሁም።

እሷ ማስረዳት ጀመረች፤ እኔ ግን አላዳምጥም። በሩ ተከፍቶ፣ የልጇን ክንድ የገጠምኩላት ሴትዮ ከኮሪደር አንገቷን አስግጋ «ወንድምየው ምን ሆኖ ነው?» እያለች ሰው ትጠይቃለች። «ዶክተር፣ በአማርኛ ይጻፉልኝ፤ ቤቴ አነበዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝና «ዓርብ ሳይቀሩ ይመለሱ፤ ምክንያቱን መፈለግ አለብን» አለች። እኔ ግን ከበሩ ወጥቻለሁ።

ወረቀቱን ባጃጅ ውስጥ አነበብነው። «የአጥንት መሳሳት። ከባድ ነገር አያንሱ። እንዳይታሹ። ዓርብ ይመለሱ።»

እንዳይታሹ የምትለውን አለፍኳት፤ ሐኪም ሁሉ የሚጽፋት ናት። ያቃጠለችኝ የመጀመሪያዋ ናት። በእኛ ሙያ የተሳሳተ አጥንት ማለት ያለ ቦታው የገባ አጥንት ነው። አንዱ ወጌሻ አጣሞ ገጥሞት ሌላው አላቅቆ የሚያስተካክለው። አርባ ዓመት ስሠራ አንድም አጥንት ተሳስቶብኝ አያውቅም፤ አሁን የገዛ አጥንቴ ይሳሳትብኝ?

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ዘይነባ። እሷም እንደኔው ነው ያነበበችው።

«የተሳሳተ አጥንት መድኃኒቱ አንድ ነው። ይጎተታል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ማን ይጎትትሃል?»

ጅማ ውስጥ ያሉትን ወጌሾች ሁሉ በየተራ ሰድቤ ጨርሻቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ወገብ የሚያምናቸው እጆች የማውቀው የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ዘይነባ ስሙን ከፊቴ አነበበችውና የባጃጁ ነጂ እስኪዞር ድረስ ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት አጋሮ ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ተሰጥቶ ቀልቷል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ ይጠግብ ነበር። ያን ቀን ግን ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር የወንበሩን ብረት ይዤ ሸሃዳ እያልኩ ነው የሄድኩት። ዘይነባ ራጁንና ወረቀቱን በዘንቢል ይዛለች።

አባ ቢያ በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አልቀረም። ከሩቅ ሲያዩኝ አልተነሱም።

«አካም ጂርታ ነጂብ?» አሉ። ደኅና ነህ ወይ ማለታቸው ነው። «የራጅ ደላላውን ቤት ማን አሳየህ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «አባ፣ ወገቤ ተሳስቷል፤ ይጎትቱልኝ» አልኩ።

ሁለት ጎልማሳ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ምንጣፍ አነጠፉ፣ በሆዴ አስተኙኝ። አንዱ በብብቴ፣ ሌላው በተረከዜ ያዘኝ። አባ ቢያ ከጎኔ ተንበረከኩና መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ በስሱ አሳረፉ። ሥራውን ስለማውቀው የሚመጣውንም አውቃለሁ፤ እሳቸው «ሳቡ» ይላሉ፣ ሁለቱ ይለጥጡኛል፣ መዳፋቸው ቁልቁል ይወርዳል። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

መዳፋቸው አልወረደም።

«ነጂብ» አሉ።

«አቤት አባ።»

«ራጅ ተነስተሃል?»

ምንጣፉን ነው የማየው። ብብቴን የያዘው ሰው ሲንፈቀፈቅ ተሰማኝ።

«ተነስቻለሁ» አልኩ።

«እንዲያ ነው እንጂ። አምጪው ልጄ።»

ዘይነባ አወጣችላቸው። ፎቶውን ወደ ሰማይ አንስተው አዩት፣ ከዚያ ወረቀቱን ዘርግተው ቀስ ብለው አነበቡ። አንዴ ጨርሰው ደገሙት።

«የተሳሳተ ነው ያልከኝ ምኑ ነው?»

«አጥንቱ ነዋ። ተጽፏል።»

«አጥንት አይሳሳትም ነጂብ፣ አጥንት ይሳሳል» አሉ። «እንደ ነተበ ሸማ። ተመልከት፣ ይህ አንዱ ክብ አጥንት ሳስቶ ሳስቶ እንደ እንጎቻ ተጨፍልቋል። ያለ ቦታው የገባ ነገር የለም። የሚመለስም የለም።» ከዚያ ለሁለቱ ሰዎች «ልቀቁት፣ በቀስታ» አሏቸው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ስህተት ለፈጸመውም መሳሳት፣ ለቀጠነውም መሳሳት። ያቺን ቃል ያነበብኳት ግን እንደ ታማሚ ሳይሆን እንደ ወጌሻ ነው። አንድ ቃል ብቻ ቀርታ ነበር፣ «ሳቡ» የምትለዋ። ብትባል ኖሮ ወደ ጅማ የምመለሰው በቃሬዛ ነበር፤ ምናልባትም ዳግመኛ በእግሬ አልሄድም ነበር።

አባ ቢያ በጎኔ አዙረው ክንዴን ያዙ። «ይህን ብልዝ ማን ነው ያበለዘህ? ይህች ናት?» ብለው ወደ ዘይነባ ጠቆሙ።

«ብችል ኖሮ ቀድሜ አበልዘው ነበር» አለች ዘይነባ።

«ፊትህስ? ይህ ጉንጭ የወተት አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። ከዓመታት በፊት ከሊሙ አንዲት ሴት ጎኔን አሞኛል ብላ መጣች። ፊቷ እንዳንተ ክብ ነው። ተመችቷታል ብዬ አሸኋት። ጎድኗ እጄ ስር ሲሰበር ሰማሁት ነጂብ። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ኪኒን ስትወስድ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ሰው ሁሉ ራጅ ይነሳ የምለው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። አንተ ደላላ አልከኝ፤ ይሁን። አሁን ዹጋ ተናገር። እውነቱን።»

ሰባት ዓመት የደበቅኩትን ነገር፣ ስቀልድባቸው በኖርኩት ሰውዬ ምንጣፍ ላይ ተኝቼ፣ በሁለት የማላውቃቸው ሰዎችና በሚስቴ ፊት ተናገርኩ። አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ኪኒኗን ከኮቴ ውስጥ ኪስ አውጥቼ አሳየኋቸው።

ከሁሉ የከበደኝ የዘይነባ ቃል ነው። «ወተቴ ነው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ስናገር ኖርኩ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ ለአንተ ስሳሳ፣ አንተ አጥንትህን ታሳሳ?»

በንዴት ኪኒኗን ልወረውር ስል አባ ቢያ እጄን ለቀም አደረጉ። «ይህም አይሆንም። ያቺ የሊሙ ሴት ኪኒኗን በአንድ ቀን ጣለችና በሦስተኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። የገባህበት በር የሐኪም ነው፤ መውጫውንም የሚያውቀው ሐኪም ነው። ተነስ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«እርስዎ ለምን ይደክማሉ?»

«ራጅ የተነሳ ነጂብን ለሐኪም ሳላስረክብ ብቀር ደላላነቴ ምኑ ላይ ነው?» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። «ዶክተር፣ ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «ፊትዎ ነግሮኛል። ለዚያ ነው ሳይቀሩ ይመለሱ ያልኩት።» አልተቆጣችም። የኪኒኗን መጠን፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት እያለች ጻፈች።

ከዚያ አስረዳችን። አጥንት ውስጥ ሁልጊዜ የሚያፈርስም የሚገነባም አለ። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ገንቢውን ያደክመዋል፤ አፍራሹ ግን ሥራውን አያቆምም። ኪኒኗ መጥፎ ሆና አይደለም፤ ያን ክረምት ነፍሴን ያተረፈች እሷው ናት። ጥፋቱ ያለ ሐኪም ሰባት ዓመት መቆየቷ ነው። ሰውነቴም በእሷ ተማምኖ የራሱን መሥራት ስለተወ፣ በአንዴ ባቆማት ልሞትም እችላለሁ። ስለዚህ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ሐኪሟ ራሷ ትቀንስልኛለች። ለአስሙ ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ደሜና ኩላሊቴ ታየ፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተጨመረልኝ፣ ለአጥንቱ ደግሞ በሳምንት አንዴ የምትዋጥ ኪኒን።

«ይህቺ ወግ አላት» አለች ሐኪሟ። «ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም ነው። መተኛት የለም፣ ማጎንበስ የለም። ወደ ላይ ከተመለሰች ጉሮሮ ትልጣለች። ምግብም የለም።»

«ቡናስ?» አልኩ።

«ቡናም።»

«ልጄ፣ ጅማ ውስጥ መሆንሽን አትርሺ» አሉ አባ ቢያ።

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቃሏን ግን አልለወጠችም። ዘይነባ ደግሞ የሱብሒ ሰላት ሱጁድ እንዳለው አስታወሰቻት፤ መጎንበስ ነውና። «መጀመሪያ ይስገዱ፣ ከዚያ ይዋጡ። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ መጥታችሁ ጠይቁኝ» አለች። ለእኔ የቀረልኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ፈርቼ አቆይቼዋለሁ።

«ሥራዬን እሠራለሁ?»

«መጎተት፣ ከባድ ማንሳት፣ በጉልበት መሳብ ከእንግዲህ የለም» አለች። «መራመድ ግን ይችላሉ። እንዲያውም እንዲራመዱ አዝዤዎታለሁ።»

አርባ ዓመት የሠራሁበት ጉልበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተወሰደ። አለቀስኩ፤ የዱዓ ማስመሰያም አላስፈለገኝ። አባ ቢያ ትከሻዬን ይዘው ቆዩ።

ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው። ወገቤ ድኗል፣ ያጠርኩት ግን አልተመለሰም፤ ሱሪዎቼን ያው የተጣላሁት ልብስ ሰፊ አሳጥሮልኛል፣ እየሳቀብኝ። ሮብ ሮብ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ፣ ኪኒኗን ውጬ ግማሽ ሰዓት እንደ ምሰሶ እቆማለሁ፤ ዘይነባ የእጅ ሰዓት ይዛ ትቆጣጠረኛለች፣ አንድ ደቂቃ አትቀንስልኝም። ፊቴ ጎድሏል። ታምሜ ሳለሁ «ተመችቶሃል» ይሉኝ የነበሩት ሰዎች፣ አሁን ስድን «ምን ነካህ፣ ከሳህ» እያሉ ከንፈር ይመጥጡልኛል።

መጎተት ትቻለሁ። ቀላል ወለምታ አሻለሁ፣ ሐኪም የፈቀደውን አስራለሁ፣ የቀረውን ራጅ ተነሱ እላለሁ። አዎ፣ እኔ ነጂብ። አባ ቢያ ሰው ሲልኩልኝ «የጅማው ቅርንጫፍ ጋ ሂድ» ይላሉ አሉ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እኔም እሰማ ነበር፤ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር። ለአምስት ቀን ተሰጥታችሁ ዓመታት የቆየች ኪኒን ካለቻችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ እንዳትጥሏት። ይዛችኋት ሐኪም ፊት ሂዱና እውነቱን ተናገሩ። ማፈር አለ፤ አልዋሽም። ግን ማፈር አጥንት አይሰብርም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከሰኮሩ መጣች። ወገቤን ይዞኛል አለች። ፊቷ ክብ ነው፣ ጉንጯ ሞልቷል፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች «ማሻ አላህ» እያሉ ቦታ ለቀቁላት። አስቀመጥኳት እንጂ እጄን አላሳረፍኩባትም።

«የምትወስጂው ኪኒን አለ እህቴ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም የለም» አለች ቶሎ ብላ።

ተራ ጠባቂዎቹ ስድስት ይሆናሉ፤ ሁሉም መርካቶ ውስጥ የሚያውቁኝ ናቸው፣ የነገርኳቸውን እስከ ማታ ከተማው ይሰማዋል። ጮክ ብዬ «እኔም ምንም ብዬ ነበር» አልኩና፣ ሰባቱን ዓመት፣ ዱዓውን፣ ጋቢውን፣ የአጋሮውን ምንጣፍ ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ጆሯቸውን ሰጡኝ።

ሴትየዋ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«በሩን ይዝጉልኝ» አለች።

ሰዎቹ ተራ በተራ ተነስተው ወጡ። በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።